የደጃፍ ፎቶ

ሐሙስ ጠዋት ውሃ መጣ። በእነጋዲሴ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ይተፋል፣ ከዚያ ሻይ የመሰለ ነገር ይለቃል፤ እሱን ታግሦ ያሳለፈ ሰው ንጹሑን ይቀዳል። ጋዲሴ በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ የኅዳር ብርድ ጣቶቿን እያደነዘዛት፣ ቢጫ ጀሪካኖቹን በየተራ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች። እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምትሞላቸው። ሙሉ ጀሪካን ማስገባት የባሏ ሥራ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ በግማሽ በግማሽ እየቀዳች መመላለሱን ለምዳዋለች። አምቦ ገና አልነቃችም። ከአስፋልቱ በኩል ወደ ጌዶ የሚወጣ የጭነት መኪና ሲያቃስት ብቻ ይሰማል።

አንዱን ጀሪካን ይዛ ስትገባ አማቷ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከጓዳ በስልክ ሲያወሩ ሰማች። አሮጊቷ ስልክ ላይ ቀስ ብለው መናገር አይሆንላቸውም፤ ሰውዬው ሩቅ ከሆነ ድምፅም ሩቅ መሄድ አለበት ብለው ያምናሉ። «ኢቲ ሂንሂምኔ፣» አሉ፣ አልነገርኳትም ማለታቸው ነው። «ራስህ ንገራት፣ ገቢሳ። ካሜራው ተሽጧል ብዬ በምን አፌ ላውጣው? አብራኝ የምትበላ ልጅ ናት።» ጋዲሴ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆመች። እጀታው መዳፏን እስኪከረክራት ድረስ አላስቀመጠችውም። ወለተ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲወጡ አዩዋትና «ውሃው ጠራ?» አሏት። «ጠርቷል፣ አዮ፣» አለች፤ እናቴ ማለቷ ነው። ከዚያ ቁርስ አቀረበች፣ በሉ፣ ስለ ብርዱም አወሩ። ሁለቱም ሌላ ነገር አላነሱም።

ካሜራው የባሏ የጅሩ ነው። ጅሩ ጉበቱን ታሞ ካረፈ በኋላ ከነጥቁር ቦርሳው ከሳሎኑ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ባለፈው ሰኔ ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ገቢሳ ልጃቸው ልትመረቅ ነው ብለው ሊዋሱት መጡ። «ቦርሳው ምን ያደርግልኛል፣ ዕቃውን ብቻ ስጪኝ፣» አሏት፤ ሰጠቻቸው። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ፤ እሳቸው አልመለሱም፣ እሷም አልጠየቀች። የባልን ወንድም ዕቃዬን መልስ ብሎ መጠየቅ፣ የባልን እናት እቤቷ ይዛ፣ ቤተሰብ ለመለያየት መነሳት ይመስላታል። ባዶው ቦርሳ ግን አሁንም ምስማሩ ላይ ነው። አቧራውን ስታራግፍ ውስጡ የሚሰበር ነገር እንዳለ ሁሉ በሁለት እጇ ነው የምታነሳው።

ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ የተለመደው ወሬ ተይዟል፤ ቀይ ሽንኩርት ከዳቦ በልጦ ሄደ፣ የጎጆ ከተማን ድንች ውርጭ መታው፣ ከቤት ኪራይ በፊት ደመወዝ የደረሰለት ማን ነው። ጋዲሴ አንገቷን ደፍታ ስልኳን ከፈተች፤ የቴሌግራሙ ቡድን በአንድ ጠዋት ተንጫጭቶ ነበር።

የምዕራብ ሸዋ ፎቶ አንሺዎች የሚባለውን ቡድን የከፈተው ጅሩ ነው፤ ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው። አዲስ የገባ ሰው ስሙን፣ ከተማውንና ካሜራውን ይናገራል፤ ከዚያ የገዛ ደጃፉን አንስቶ ይልካል። ከኢንተርኔት የሚያምር ፎቶ ለቅሞ የኔ ነው የሚል ስለበዛበት ነው ደጃፍ የመረጠው። «ተራራ መስረቅ ቀላል ነው፤ ደጃፍ ግን ጎረቤት ያውቀዋል፣» ይል ነበር። ደግሞም ፎቶው በፋይል ይላክ የሚል ሕግ አለ። እንዲሁ የተላከ ፎቶ መንገድ ላይ ይደኸያል፤ በፋይል የተላከ ግን ካሜራው የጻፈበትን ዝርዝር ሁሉ፣ ቀኑን፣ ብርሃኑን፣ የአንሺውን ስም ይዞ ይደርሳል። ደጃፉ ሲታይ ሁሉም «ባጋ ነጋን ዱፍቴ» ይላሉ፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ ሰውዬው ከዚያ በኋላ ባዕድ አይደለም፣ ሠርግ ሲደራረብ ሥራ ይተላለፍለታል። ጋዲሴን ጅሩ ራሱ አስገብቷት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጽፋ አታውቅም። «መቼ ነው ራስሽን የምታስተዋውቂው? እዚህ ቤት ደጃፍ የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣» እያለ ይነዘንዛት ነበር። እሷም «ደጃፌ ያንተው ደጃፍ ነው፤ አንዴ ተልኳል፣» ትለዋለች።

የዛሬዋ አዲስ ሰው እንዲህ ብላ ነበር የጻፈችው፦ «ሩዋይዳ እባላለሁ፣ ከጌዶ። አባቴ ሙሂዲን ገበያው ላይ ጨርቅ ይሸጣል። በእኛ ሠርግ ሴቶቹ ወዳሉበት ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፤ ሙሽሮቻችን ያለ ፎቶ ይዳራሉ። እኔ ላነሳቸው አስቤአለሁ፤ ቅዳሜ የመጀመሪያዬ ነው። ካሜራው ያገለገለ ነው፣ ለእኔ ግን አዲስ ነው። ደጃፋችን ይኸው።» ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው፤ ደረጃው ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል፣ የመጨረሻው ጫማ ተገልብጧል። የተገለበጠውን ጫማ ሳታቃና ማንሳቷን ጋዲሴ ወደደችላት። ሦስት ሰዎች እንኳን ደህና መጣሽ ብለዋታል። አራተኛው ቃለአብ ነው፣ አዲስ ዓለም ላይ ፎቶ ቤት ያለው፣ ነገር ሳያጣራ የማያልፍ ሰው።

«ቆይ፣ ቆይ፣» ይላል። «ዝርዝሩን ከፍታችሁ አያችሁት? አንሺው ማን ነው በሚለው ላይ የተጻፈው ጅሩ ነው።»

«የትኛው ጅሩ?» ብለው ጠየቁ ኦቦ ኤጄታ። የጎጆ ከተማ ሰው ናቸው፤ በፊልም ዘመን የጀመሩ አንጋፋ፣ ጅሩ ካረፈ ወዲህ ቡድኑን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«የኛው ነዋ፣ ኦቦ ኤጄታ! እርስዎ ስንት ጅሩ ያውቃሉ?»

ከሥሩ አንዱ «ጅሩ ጂራ?» ብሎ ጻፈ። ጋዲሴ ደግማ ልታየው ስትል ሰውዬው አጥፍቶታል። የድሮ ቀልድ ነው። ጅሩ ማለት በአፋን ኦሮሞ ያለ፣ የሚኖር ማለት ነው፤ ፊቱ ላይ ሂን ከገባ ግን ነገሩ ይገለበጥና የለም ይሆናል። ደንበኛ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የጅሩ ፎቶ ቤት መጥቶ «ጅሩ ጂራ?»፣ ጅሩ አለ ወይ፣ ሲል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሳያቆም «ጅሩ ሂንጅሩ!» ብሎ ይመልሳል፤ ያለው የለም እንደማለት ነው። ሰዉ ይስቃል። ጅሩም ከጨለማ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ብቅ ብሎ ይስቅ ነበር። ልብስ ሰፊው ይህን ቀልድ ከተናገረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ጋዲሴን መንገድ ላይ ሲያገኛትም ወደ ሌላ ያያል።

ቃለአብ አልበረደለትም። «እህቴ፣ የሞተ ሰው ፎቶ ሰርቀሽ ነው ራስሽን የምታስተዋውቂው? ነውር አታውቂም?» ልጅቷ «ወላሂ የራሴ በር ነው፤ ጫማው የወንድሞቼ ነው። ተመልሼ ላንሳው?» አለች፣ አንስታም ላከች። የተገለበጠው ጫማ በዚህኛው ተቃንቷል። ዝርዝሩ ላይ ግን አሁንም ጅሩ አለ። «እንግዲያው የተሰረቀው ፎቶው ሳይሆን ካሜራው ነው፣» አለ ቃለአብ። «የጅሩ ካሜራ ሚስቱ ዘንድ ነው፣ እናውቃለን። እሷ ደግሞ እሱን ከምትሸጥ ዓይኗን ትሸጣለች።» ብዙ ሰው የስምምነት ምልክት ለጠፈበት። ጋዲሴ እዚያው ውስጥ ተቀምጣ እንደምታነብ ማንም አላስታወሰም። በመጨረሻ ኦቦ ኤጄታ ቆረጡት፦ «ልጄ፣ ከማን እንደገዛሽ እስከ ማታ በስም ተናገሪ። አለዚያ ከዚህ ትወጫለሽ፤ ስምሽም ለየከተማው ፎቶ ቤት ይነገራል። በዚህ አገር ሌባ የተባለ ፎቶ አንሺ ሠርግ ቤት አይገባም።» ሩዋይዳ የመለሰችው አጭር ነበር። «ስማቸውን አልጠየቅኩም። አምቦ ነው፣ የቀለም ሱቅ። አባቴም አብሮኝ ነበር።»

«ምነው ጋዲሴ፣ ፊትሽ ገረጣ፣» አለቻት አጠገቧ ያለችው መምህር። «ብርዱ ነው፣» አለች። ደወሉ ተደወለ። ስለ አሲድና ቤዝ አስተማረች። ሰሌዳው ላይ አንድ ቀመር ለሁለተኛ ጊዜ ጻፈችና ተማሪዎቹ እስኪነግሯት አላወቀችም። ረፋዱን ሙሉ በአፏ ውስጥ የሚመላለሰው ነገር አንድ ነው፤ ዝም ካለች የሰው ልጅ በሌባ ስም ትቀራለች፣ ከተናገረች ደግሞ የጅሩ ወንድም የሟች ዕቃ ሸጠ ተብሎ በየቤቱ ይወራል፣ ወለተ ማርያምም እርጅናቸው ላይ ያን ይሰማሉ።

ለምሳ ሲለቀቁ ወደ ገበያው በባጃጅ ሄደች። ሹፌሩ ስለ ነዳጅ ሰልፍ እያማረረ ነበር፤ የምትሰማ መሰለች። የኦቦ ገቢሳ ሱቅ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ነው፤ ገና ደጁ ላይ የአኳራጅ፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ ሽታ ይቀበላል። የቀለም ቆርቆሮዎቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ከመደርደሪያው በላይ አቧራ የጠጣ የጅሩ ፎቶ አለ፣ ራሱ ራሱን ያነሳው፣ ዓይኑ ወደ ሌላ ቦታ የሚያይ። ኦቦ ገቢሳ ሲያዩዋት ከወንበራቸው ተነሡ፤ ለወትሮው አይነሡም።

«ጋዲ! ግቢ፣ ግቢ። ሻይ ልዘዝልሽ?»

«ክፍል አለብኝ፣ ኦቦ ገቢሳ። ለማን ነው የሸጡት?»

ኦቦ ገቢሳ የያዙትን የቀለም ብሩሽ ፀጉር በአውራ ጣታቸው አበጠሩ። «እናቴ ነገረችሽ?»

«እሳቸው ምንም አልነገሩኝም።»

«ልነግርሽ ነበር። ነገ ነገ እያልኩ ነው።» ብሩሹን አስቀመጡ። «ለድንጋዩ ነው፣ ጋዲ። መቃብሩ ላይ እስከ ዛሬ የቆመው ቆርቆሮ ነው፣ እሱንም ዝናብ በላው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ያየኛል፣ ስወጣ ያየኛል። የገቢሳ ወንድም እየተባለ አፈር ላይ ሆኖ! እብነ በረድ አሠርቻለሁ። ይኸው፣ እይው።» ስልካቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። ነጭ ድንጋይ ነው፣ ገና የጠራቢው ግቢ ውስጥ ገለባ ላይ የተኛ። ጅሩ ቱፋ ይላል፤ አንዴ በግዕዝ ፊደል፣ አንዴ በላቲኑ ቁቤ። ፊደሉ የተቀረጸው በጥልቀት ነው፤ ለብዙ ዘመን የተሠራ ይመስላል። «ሰኞ ይተከላል፣» አሉ። «ብጠይቅሽ እኮ እምቢ ትያለሽ።»

«እምቢ እል ነበር።»

«ይኸው!» አሉ፣ ክርክር እንደረታ ሰው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ለሆዴ አልበላሁትም።»

«አውቃለሁ፣» አለች። ያደከማትም ይኸው ነበር። ሰውዬው በልቶት ቢሆን ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች። አንዲት ሴት ገብታ የነጭ ዘይት ቀለም ዋጋ ጠየቀች፣ ሰማች፣ «ኧረ ጉድ፣ ቤቱን ከምቀባ ቤቱን ብሸጠው ይሻለኛል፣» ብላ ወጣች። ኦቦ ገቢሳ ሊስቁ ሞከሩ። ጋዲሴ ስለ ልጅቷ ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ድረስ አንገታቸውን አላነሡም።

«ከአባቷ ጋር ነው የመጣችው፣ ጨዋ ሰው ነው፣» አሉ። «ሳይከራከር ነው የከፈለኝ። ግን ጋዲ፣ አደራሽን፣ በስም እንዳትጠሪኝ። የወንድሙን ካሜራ ሸጠ ይሉኛል።»

«ሸጠውታል እኮ፣ ኦቦ ገቢሳ።»

ኦቦ ገቢሳ ብሩሹን መልሰው አነሡት። እሷም ለመሄድ ዞረች። ደጁ ድረስ ሸኟትና፣ ሁሌም እንደሚያደርጉት፣ ለእናታቸው ሙዝ ገዝተው በፌስታል አስያዟት።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ከመብራቱ ጋር ኔትወርኩም ሄደ። እቤት ስትገባ ወለተ ማርያም በረንዳው ላይ ፀሐይዋን ተከትለው ወንበራቸውን እስከ ግድግዳው ጥግ አድርሰዋል። ሙዙን ስታቀብላቸው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አወቁ። አንዱን ላጡ፣ ግማሹን ለእሷ ሰጡ። ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። «አይጣፍጥም፣ ሳይበስል ነው ያወረዱት፣» አሉ አሮጊቷ። «አዎ፣» አለች ጋዲሴ። ወለተ ማርያም ልጣጩን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ እጃቸውን የእሷ ጉልበት ላይ አሳረፉና ረዘም ላለ ጊዜ አላነሡትም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ኔትወርኩ ተመለሰ። ልጅቷ ከጠዋቱ ወዲህ ምንም አልጻፈችም። ከኦቦ ኤጄታ «እየጠበቅን ነው» የሚል ብቻ አለ፤ ቃለአብም «ምን ትላለች ብለው ነው» ብሏል። ጋዲሴ ከበረንዳው ወርዳ ግቢው መካከል ቆመችና ወደ ቤቷ ዞረች። በሩ ወደ ውስጥ ተከፍቷል፤ ደረጃው ላይ የእሷ የላስቲክ ጫማና የአማቷ ሸበጥ አለ፣ ከተከፈተው በር ጀርባ የቦርሳው ማንጠልጠያ ወጣ ብሎ ይታያል። ቦርሳውን ልትደብቀው ፈለገች፤ የተገለበጠው ጫማ ትዝ አላትና ተወችው። በስልኳ አነሳችው። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ እየጻፈች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጻፈች፣ ላከችው፦

«ጋዲሴ እባላለሁ። ከአምቦ። ካሜራ የለኝም። የጅሩ ባለቤት ነኝ፤ ቡድኑ ውስጥ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ራሴን ሳላስተዋውቅ ነው። ሩዋይዳ የያዘችው ካሜራ የጅሩ ነው። ከቤታችን ተሽጦ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛችው። ስሙ የወጣው ካሜራው ውስጥ ተጽፎ ስለቀረ ነው፤ ማጥፋት የነበረብን እኛ ነን። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቋት። ደጃፋችን ይኸው።»

ብዙ ሰዎች ማንበባቸውን የሚያሳየው ቁጥር ይጨምራል፣ የሚጽፍ ግን የለም። መጀመሪያ የመጣው ቃለአብ ነው። «ይቅርታ፣ ሩዋይዳ። ይቅርታ፣ እህት ጋዲሴ። አፌ ይሰበር፣» አለ። ቀጥለው ኦቦ ኤጄታ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ሩዋይዳ፣» ብለው ጻፉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው፣ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ጋዲሴ፣» አሉ። ከዚያ በኋላ ከየከተማው ያው ቃል ተከታትሎ መጣ። ጋዲሴ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ቀና ስታደርገው ሩዋይዳ ለብቻዋ ጽፋላት ነበር። «እትዬ ጋዲሴ፣ አላህ ይስጥዎት። አባቴ ሲሰማ ዕቃውን ልመልስ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ስሙ እንዳለ አላወቅኩም። ከፈለጉ አልነካውም፣ እንደዚያው ይኑር፤ ለእኔ ግድ የለም።»

ጋዲሴ ይህን ሁለቴ አነበበችው። ካሜራው የተገዛ ቀን ስሙን ያስገባችው እሷ ነበረች። ካሜራው የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደሉ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ እየተገፋ አንድ በአንድ ነው የሚለቀመው፣ ጅሩ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር ትዕግሥት አልነበረውም። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሲያያት ቆየና «ያንቺንም አስገቢው፣» አላት። «ቦታ አይበቃም፣» አለችው። ቦታ ግን ነበረ። ሰነፈች።

«አጥፊው፣» ብላ ጻፈች። «ቅዳሜ ሙሽራዋ ፎቶዋን ስትቀበል ማየት ያለባት ያንቺን ስም ነው።» ከዚያም እንዴት እንደሚጠፋ አስረዳቻት። ማውጫውን ክፈቺ፤ የመፍቻ ምልክት ካለባቸው ገጾች መጨረሻው ላይ ኮፒራይት የሚል አለ፤ እዚያ ውስጥ ስሙን ታገኚዋለሽ፤ ከሥሩ አጥፊ የሚለውን ስትጫኚ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። «እሺ በይው፣» አለቻት።

ወለተ ማርያም ብርዱ ሲጠናባቸው ወደ ውስጥ ገቡ። ጋዲሴ ቀረች። መንደሩ እየደበዘዘ ነው፤ ከሁሉቃ ወንዝ በኩል ብርድ ይመጣል፣ የአንድ ቤት ሬዲዮ በባትሪ ያወራል። ስልኩ ጮኸ። ሩዋይዳ ሌላ ፎቶ ልካለች፣ በፋይል። ያው ሰማያዊ በር ነው፣ አሁን የማታ ብርሃን ይዞ፤ ደረጃው ላይ ጫማ የለም፣ ሰዎቹ ወደ ሶላት ሄደው ይሆናል። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ፋይሉ ቀስ እያለ ነው የወረደው። ሲጨርስ ዝርዝሩን ከፈተችው። የካሜራው ዓይነት ተጽፏል። ቀኑ ተጽፏል፣ ብርሃኑም ተጽፏል። አንሺው ማን ነው በሚለው ላይ ምንም የለም።

ጅሩ ሂንጅሩ።